የጨው ሜዳውን የምታንኳኳው አህያ

አንድ ጊዜ በደጋው ጫፍ የሚኖር አንበሳ ቁልቁል እያየ ማርጀት ሰለቸው። ከተራራው ሥር፣ ሰማይና ምድር በሚገናኙበት በኩል፣ ነጭ ሜዳ ይታየዋል። በወጣትነቱ ደመና ይመስለው ነበር። ሲጎለምስ ደመና እንዳልሆነ ገባው፤ ምን እንደሆነ የሚነግረው ግን አጣ።

እንስሳቱን ሰብስቦ «ያንን ነጭ አገር ሳላይ መሞት አልፈልግም። መንገዱን የሚያውቅ ማነው?» አለ።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ይህን የምታደርገው የማታውቀውን ልትናገር ስትል ነው። አህያ ግን ቀደመቻት።

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ። ዘጠኝ ዓመት ጨው ተሸክሜበታለሁ። ግመሎቹ እንኳ የሚሻገሩት እኔን እየተከተሉ ነበር።»

«ብትመሪን ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አያ ጅቦ እንዳይበላኝ።»

አንበሳው ወደ ጅብ ዞረ። «ሄደን እስክንመለስ አህያን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ጅብ ምራቁን ውጦ ተስማማ። አብሮ ለመሄድም ቆረጠ፤ ይህን ያህል ጨው ካለ ሥጋው ሩቅ ሊሆን አይችልም ብሎ አስቧል።

በአንድ ጥቁር ድንጋይ በኩል አልፈው ሜዳው ላይ የደረሱት በማለዳ ነበር። አህያ ከፊት ሆነች። ጥቂት ትራመድና በፊት ኮቴዋ ጨዉን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ጆሮዋን ዝቅ አድርጋ ትቆያለች፤ ከዚያ አንዳንዴ ቀጥ ብላ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ታጥፋ ትሄዳለች። ሌሎቹ እሷ በረገጠችበት እየረገጡ ይከተላሉ።

«እመት አህያ፣ ማንን ነው የምታንኳኪው? ሰው ያለ መሰለሽ?» አለ ጅብ።

«ሜዳውን እየጠየቅኩት ነው።»

«ምን ይልሻል?»

«አንዳንዴ እለፉ፣ አንዳንዴ ዙሩ ይላል።»

ጅብ ሳቀ። ቀበሮ ግን አልሳቀችም፤ ትቆጥር ነበር።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ከአንበሳው ቁመት የሚበልጡ የጨው ዓምዶች ዘንድ ደረሱ። ከዓምዶቹ ወዲያ ምንጮች ይፈላሉ፤ አንዱ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ሌላው እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ ነው። በስተሩቅ አንድ ተራራ ያጨሳል። አንበሳው ተቀመጠና ሁሉንም አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ይህ ይበላል?» አለ ጅብ ዓምዱን እያሸተተ።

«አይበላም» አለች አህያ።

«ያኛውስ ይጠጣል?» ወደ አረንጓዴው ምንጭ ጎንበስ ሲል አህያ መንገዱን ዘጋችበት። በምንጩ ዳር አንዲት ወፍ ደርቃ ወድቃለች። «እሷም ጠማኝ ብላ ነው» አለችው።

ጅብ ወፊቱን በትካዜ ተመለከተ። «እሷስ ትበላለች?»

በዓምዶቹ ጥላ ሲያርፉ ቀበሮ ወደ ጅብ ተጠጋች። «ሥራዋን አጥንቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት፣ ወደ ግራ መታጠፍ፣ በቃ። እኔ ከመራሁ እሷ ምን ትሠራለች? ለአንተ ሥጋዋን፣ ለእኔ ጉበቷን።»

ነገሩን አንበሳው ፊት አቀረቡት። እሱም አህያን አያት።

«በእኔ በኩል ይሁን» አለች አህያ። «ያለ እኔ ከጥቁሩ ድንጋይ ከደረሱ ተመለሱ ማለት ነው፤ የጌታዬም ቃል እዚያ ያበቃል። እኛ ግን እዚህ ሆነን እንይ።»

ጥቁሩ ድንጋይ የሜዳው መጀመሪያ ነው። ከሰዓት የተነሣው ነፋስ በሜዳው ዳር ካለው ሐይቅ ውሃ ገፍቶ የጠዋቱን ዱካ አጥቦታል። ቀበሮ ለስላሳ መዳፏን ጨዉ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፈች። ምንም አልተሰማም። ወደ ግራ ታጠፈች። እንደገና መታች፤ እንደገና ታጠፈች። ሰውነቷ ቀላል ስለሆነ ጨዉ ቻላት፣ ይህንንም ለብልሃቷ ቆጠረችው። ጅብ ተከተላት፤ በሦስተኛው መታጠፊያ ሜዳው ከሥሩ ተሰነጠቀና እስከ ደረቱ ሰመጠ። ስንጥቁ ቀበሮን ከብቦ አለፈ። እሷም አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች፤ የት እንደምታሳርፈው አታውቅም።

«እመት ቀበሮ፣ አውጪኝ» አለ ጅብ።

«እያሰብኩ ነው» አለች ቀበሮ።

አህያ ሳትቸኩል መጣች፤ አንበሳውም በእርምጃዋ ላይ እየረገጠ ተከተላት። ታንኳኳለች፣ ታዳምጣለች፣ ትዞራለች። ወፍራሙ ጨው ሲመታ ደፈን ያለ ድምፅ አለው፤ ስሱ እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። ከጅብ አጠገብ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አያ ጅቦ፣ ጅራቴን በአፍህ ያዝ። አትንከስ ታዲያ፤ ከነከስክ እራገጣለሁ፣ ከተራገጥኩ ሁለታችንም እንሰምጣለን።»

ጅብ በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ተፈትኖ አያውቅም። የአህያ ሥጋ በጥርሱ መካከል ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይነክስ ተጎተተ። ቀበሮም ኋላ ኋላ በአህያ እርምጃ ላይ ብቻ እየረገጠች ወጣች፤ ያን ቀን ጉሮሮዋን አልጠረገችም።

ከጥቁሩ ድንጋይ ሲደርሱ ጅብ ጨው የደረቀበትን እግሩን እየላሰ፣ «እንግዲህ ተመልሰናል አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

አንበሳው አህያን ጠየቃት። «ሁሉን አይተናል?»

«የሚያጨሰውን ተራራ ገና አላየነውም፣ ጌታዬ። አፉ ውስጥ እሳት እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ከሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ አለ።»

«እንግዲያው ጉዟችን አላለቀም» አለ አንበሳው፤ ጅብም እግሩን መላሱን ቀጠለ።

ከዚህ የምንማረው፣ የዐዋቂን አኳኋን መቅዳት ቀላል ቢሆንም፣ እሱ የሚያዳምጠውን ሳያዳምጡ ልምራ የሚሉ ራሳቸውንም ተከታያቸውንም እንደሚያሰምጡ ነው።