ጅብ ግጥም የሰጠ ዕለት

አንድ ጊዜ አንድ አህያ ነበረ። ሥራው እህል ወደ ወፍጮ ማመላለስ ነው። ዳገቱ ሲከብደው ይዘፍናል። መጀመሪያ የዘፈነው ይህን ነበር፦

«ዳገቱን ወጣሁት ከነጭነቴ፣
ማን ይችለኝ ነበር ቢሞላ አንጀቴ።»

ድምፁ ያው የአህያ ነው። ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ ሆኖ፣

«ወንድሜ፣ አሞሃል ወይስ እየዘፈንክ ነው?» አለው።

«እየዘፈንኩ ነው።»

«እንግዲያው ድገመው። ግጥሙ ጥሩ ነው።»

ደገመው። ከዚያ ወዲያ አልተወውም። ማሲንቆም ሠራ፤ ዘመዱ ፈረስ ከጭራው ፀጉር ሰጠውና ክሩ ሆነ። ቆዳው የማን እንደነበረ ፍየል ባለችበት አይነገርም። አህያ በሰርጉም፣ በክርስትናውም፣ በደቦውም እየዞረ ዘፈነ። ግጥሙን ራሱ ይገጥማል። ከተሰበሰበው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ከሰጠው ደግሞ፣ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። የአዝማሪ ወጉ ነው፤ የተሰጠውን አልቀበልም ማለት ነውር ነው።

ዝናው አንበሳ ዘንድ ደረሰ። አንበሳ ልጁን ሊድር ነበርና «አህያው መጥቶ ይዝፈንልኝ» አለ።

ይህን ቀበሮ ሰማች። ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያ ሥጋ አላማረህም?»

«ያላማረኝ ቀን አለ?»

«እንግዲያው ስማኝ። ሰርጉ ላይ ተነሣና ‹ተቀበል! የአንበሳ ጥርሱ ረግፏል፣ ገንፎ ይበላል› በለው። አህያ መቀበሉ አይቀርም። አንበሳም በአንድ ጥፊ ይጥለዋል። እሱ በድግሱ ጠግቧል፤ ሥጋው ለእኛ ነው።»

«አንቺ ለምን አትይውም?»

«የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው፤ አይሰማም።»

ጅብ እውነት መሰለው። መንገዱን ሙሉ «ጥርሱ ረግፏል፣ ገንፎ ይበላል» እያለ ሲያጠና ሄደ።

የሰርጉ ቀን አህያ ዳሱ ውስጥ፣ አንበሳ ፊት ቆመ። የተቆለለውን ሥጋ ላለማየት ዓይኑን ማሲንቆው ላይ ተከለ። ሲጀምር ግን ፍርሃቱ ለቀቀው። ሙሽራዋ እልል አለች። ዝሆን እስክስታ ወረደ፤ ዳሱ ተነቃነቀ።

ያን ጊዜ ጅብ ብድግ አለ።

«ተቀበል!»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ጅብ አፉን ከፈተ። ያጠናው ጠፋው። አህያ ማሲንቆውን በመታ ቁጥር ጭኑ ይወዛወዛል። ጅብ እሱን አየ፣ ምራቁን ዋጠ።

«ጭኑ ወፍራም ነው!» አለ።

ቀበሮ ከጎኑ ጎሸመችው። «ጥርሱ! ጥርሱ በል!»

«ጥርሱንስ አልበላም» አለ ጅብ።

አህያ ጆሮውን አቆመ። ገባው። መሮጥ አማረው፤ ሮጦ የት ይደርሳል? ግን ስንት ዓመት ሲዘፍን አንድ ነገር አውቋል፤ የገዛ ቃሉን በዜማ የሰማ፣ ሌላ ሳይጨምር አይቀመጥም። ስለዚህ «ጭኑ ወፍራም ነው» ብሎ ለስለስ አድርጎ ዘፈነለት። የጅብ ዓይን በእንባ ሞላ።

«ያምራል! የእኔ እኮ ነው!»

«የእርስዎ ነው። ይጨምሩልኝ፣ ጌታዬ።»

«ጉበቱም ለእኔ፣ ኩላሊቱም ለእኔ!»

አህያ ዘፈነው። እድምተኛው አጨበጨበ።

«ይጨምሩልኝ!»

«ቀበሮ መከረች! አንበሳ ይገድላል! እኔ እበላለሁ!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አህያ ግን አላቆመም። ይህንንም ተቀብሎ ዘፈነውና ከራሱ ጨመረበት፦

«የአንበሳው ድግስ ከቶ ምን ጎድሎበት፣
አያ ጅብ ሊበላ አዝማሪ ጨምሮበት?»

አንበሳ ከመቀመጫው ተነሣ።

«የእኔ ድግስ ጎደለ?»

«ኧረ አልጎደለም፣ ጃንሆይ!» አለ ጅብ። «አህያ ብቻ ነው የሌለበት።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አንበሳ ሊቆጣ ብሎ ሳቁ አሸነፈው። ቀበሮ ብትፈለግ የለችም፤ በዳሱ ሥር ሾልካ ሄዳለች።

«አንተ ሆዳም» አለ አንበሳ፣ «ሰርጉ እስኪያልቅ ሥጋ ሳትነካ ቆመህ ታጨበጭባለህ። ሲያልቅም የአዝማሪውን ስንቅና ማሲንቆ ተሸክመህ ዳገቱን ታወጣለታለህ!»

እንዲሁ ሆነ። አህያ ዕድሜውን ሙሉ ተጭኖ የወጣውን ዳገት፣ ያን ቀን ባዶ ጀርባውን እየዘፈነ ወጣው። ጅብ ከኋላው ያለከልካል።

ያ ዘፈን በአገሩ ሁሉ ተወደደ። አህያ እስኪያረጅ በየሰርጉ «እሱን ድገምልን» ይሉታል። በደገመው ቁጥርም ከዳሱ ውጪ አንድ ድምፅ ይሰማል።

«ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ!» ይላል ጅብ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ላይ ክፉ የመከረ ሁሉ፣ ረጋ ብሎ የሚያዳምጠው ካገኘ ምክሩን በገዛ አፉ እንደሚያወጣው ነው።