የአበልጁን ኳስ የመታው የጥርስ ሐኪም

አንድ ሰው ነበረ፤ ጎልፍ የሚጫወት። አትሳቅ እንጂ ይልቃል! «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጎልፍ ምኔ ነው?» ልትል ነው። አንተ እኮ ነህ እዚህ ቁጭ ብለህ «ጋሼ፣ አልሰረቅሁ፣ አልገደልሁ፤ በጓደኛዬ ብቀና ማንን ጎዳሁ?» ያልከኝ። እኔ መጽሐፍ ገልጬ የምመልስልህ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ሳጭድ የኖርኩ ነኝ፤ የምነግርህም እዚያ ያየሁትን ነው። አሁን ዝም ብለህ ስማ።

ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነበር። ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው። ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመታህ፣ ሩቅ ባንዲራ የተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ታስገባለህ። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እያልክ ሜዳውን ትጨርሳለህ። የሚያሸንፈው ታዲያ ብዙ የመታ አይደለም፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ነው። ዳኛ ከኋላህ አይከተልህም። ብታጠፋ ራስህን የምትከሰው ራስህ ነህ። ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲነግሩኝ «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» ብዬ ነበር።

ሐኪሙ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት አይቀርም። ጎበዝ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ምግባሩ ግን ለእኛ ለሣር አጫጆቹ የሚያስመርቅ ነበር። ዱላው የነቀለውን ሣር ጎንበስ ብሎ መልሶ ይተክላል። ሰው ሊመታ ሲል ትንፋሹን ይይዛል። የሰው ኳስ ሣር ውስጥ ከጠፋ አብሮ ይፈልጋል፤ ደንቡም ይኸው ነው። ሲጨርስ ካርዱ ላይ የምቱን ብዛት ጽፎ፣ ብዙም ይሁን ጥቂት እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደስተኛ ሰው ነበር ስልህ!

ታዲያ ይህ ሰው አንድ አበልጅ ነበረው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት፣ ነዳጅ ማደያ ያለው ሰው። አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። አበልጁ ውፍረት ቢያስቸግረው ሐኪሙ «ና እስኪ ሜዳ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀስ» ብሎ ይዞት መጣ። አራት አሮጌ ዱላ ሰጠው፤ እግሩን እንዴት እንደሚተክል፣ እጁን እንዴት እንደሚይዝ አሳየው። ደንቡን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ አስጠናው። ያ ወፍራም ሰውዬ መጀመሪያ ሲመታ ኳሷ ቁጭ ብላ ዱላው በረረ። ሳቃችን ሊገድለን! ሐኪሙም አብሮ ሳቀ፤ አንጀቱ እስኪቆስል ሳቀ።

ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ባለ ማደያው በእነዚያው አራት አሮጌ ዱላዎች ሐኪሙን በሦስት ምት በለጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአምስት በለጠው። ሐኪሙ «እንኳን ደስ ያለህ» አለ፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ሆዱ ይቃጠላል። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይሉ የለ? እንደዚያ ነው። «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» አለ በልቡ። «ዱላ አያያዝ ያሳየሁት እኔ! ዱላውን የሰጠሁት እኔ! ባንዲራ እንኳ የቱ እንደሆነ አያውቅም ነበር እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ጠፋበት። አበልጁ ሲመታ የአበልጁን ክርን ያያል። አበልጁ ሲስቅ «በእኔ ነው የሚስቀው» ይላል። የራሱን ካርድ ሳያይ የእሱን ያያል። ክሊኒክ የመጣ ሰው አፉን ከፍቶለት እንኳ ልቡ ሜዳ ላይ ነው። ሚስቱ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ «ምን ሆነሃል? ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሜዳ እየዘፈንክ ነበር የምትመጣው። አሁን ከቀብር የመጣህ ነው የምትመስለው» አለችው።

«ለሰው ዱላ ሰጥቼ...» አለና ተወው።

«የሰጠኸው ዱላ ቆጭቶህ ነው?»

«ዱላው አይደለም። ተይኝ በቃ!» ብሎ ተነሳ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ስሙን ለመጥራት እንኳ ያሳፍራል።

ቀጥሎ ባለ ማደያው አዲስ ዱላ ገዛ። ሐኪሙም በሳምንቱ ያንኑ ዓይነት ገዛ። አበልጁ ጥቁር ጓንት አደረገ፤ እሱም ጥቁር ጓንት። አበልጁ ሊመታ ሲል ሁለቴ ተረከዙን ያነሳል፤ ሐኪሙም ማንሳት ጀመረ። አየህ፣ የራሱ የሆነች ደህና አመታት ነበረችው፤ ዝግ ያለች፣ ለስለስ ያለች። ጣላት። እኛ ከሩቅ «ዛሬ ደግሞ ምን ሊቀዳ ይሆን?» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ኋላ ግን አሳዘነን።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ተጫዋቾች ሁሉ ኳሳቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ኳስ ሁሉ ነጭ ስለሆነ የማን እንደሆነ እንዲለይ ነው። ሐኪሙ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ መስቀል ነበር የሚያደርገው። ባለ ማደያው ደግሞ ሁለት ቀይ ነጥብ። ጨዋታ ሳይጀመር ኳስህን ለጓደኛህ አሳይተህ «የእኔ ይህ ነው» ማለት ደንብ ነው። የዓመቱ ዋንጫ ጨዋታ ሊደርስ ሲል ሐኪሙን አንድ ክፉ ሐሳብ ያዘው። «ይሄ ሰው ያለ ነገር አልሆነለትም፤ ነጥቡ ላይ አንድ ዕድል አለ» አለ። የተማረ ሰው፣ ሐኪም! የክሊኒኩን በር ቆልፎ፣ አበልጁ የሚጠቀምበትን ዓይነት ኳስ አምጥቶ፣ በቀይ ማርከር ሁለት ነጥብ አደረገበት። ሲጨርስ እጁን ታጠበ አሉ።

የዋንጫው ቀን መጣ። ያሸነፈ ሰው ስሙ አዳራሹ ውስጥ፣ እንጨት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ እዚያው ለዘላለም ይኖራል። ሐኪሙ ስምንት ዓመት በዚያ ሰሌዳ ሥር አልፏል። ዕጣው ሁለቱን አንድ ላይ አሰለፋቸው። ባለ ማደያው እንደ ደንቡ ኳሱን አሳየ። «ያንተስ?» አለ።

«የእኔን ታውቀው የለ?» አለ ሐኪሙ ኪሱን ጨብጦ።

«አውቃለሁ እንጂ!» አለ አበልጁ። አምኖት ነው። ደንብ አዋቂው፣ አስተማሪው እሱ አይደል?

እየመቱ፣ እየሄዱ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው እኩል ሆኑ። እኔ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ ማጨጃዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ያን ሳምንት ዝናብ ስለበዛ በዚያ በኩል ያለውን ሣር አላጨድነውም፤ ጉልበት ድረስ ነበር። ሁለቱም መቱ፤ የሁለቱም ኳስ ሄዶ እዚያው ሣር ውስጥ ገባ።

ሐኪሙ ቀድሞ ደረሰ። ሣሩን ገለጥ ሲያደርግ ኳስ አየ፤ ሁለት ቀይ ነጥብ። ድሮ ቢሆን ጎንበስ ብሎ አገላብጦ ያይ ነበር። አሁን ምኑን ያያል? ነጥቡ አለ። ዱላውን አነሳ። ተረከዙን ማንሳት ረሳው፤ ቸኩሏል። በዚያች ቅጽበት ስለ አበልጁም ረሳ፤ መታ። ሠላሳ ዓመት ስቆም እንዲህ ያለ ምት ያየሁት ሁለቴ ቢሆን ነው። ኳሷ ከዛፎቹ መሐል ወጣች፣ ሄደች፣ ሄደች፣ ወርዳ ባንዲራው አጠገብ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ቆመች።

«እሰይ አበልጄ!» አለ ባለ ማደያው ከኋላው፤ አጨበጨበ። «ይሄ ነው ምት ማለት! እኔማ በሕልሜም አልመታው!»

ያን ቃል ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ነበር። እየበረረ ወደ ባንዲራው ሄደ። ኳሱን አንስቶ ጭቃውን በመሐረብ ጠረገ። ነጥቦቹ አበሩ። በጥፍሩ ቢፍቃቸው አይለቁም። ማርከር አይደለም፤ የሴት ልጅ የጥፍር ቀለም ነው። ባለ ማደያው ከልጁ መስታወት ፊት አንስቶ የቀባው ቀለም ነበር። ኳሱ የአበልጁ ነው።

ደንቡን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰው ኳስ የመታ ሁለት ምት ይጨመርበታል፤ የመታው ምት አይቆጠርለትም፤ ተመልሶ የራሱን ኳስ ፈልጎ ከዚያ ይመታል። ያ ሁሉ የሚሆነው ግን ከተናገረ ነው። ያየ ሰው የለም። እኔ እንኳ ከዚያ ርቀት ነጥብ አላይም።

ዘወር ብሎ አየ። አበልጁ ከወገቡ ታጥፎ ሣሩን በዱላው እየገለጠ ይፈልጋል። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠፍቷል ተብሎ ምት ይጨመርብሃል። ሐኪሙ ሄዶ አብሮ መፈለግ ነበረበት። እግሩ እምቢ አለው።

«አበልጄ!» ብሎ ጮኸ ባለ ማደያው። «ሰዓት አላሰርኩም፤ ሲሞላ ንገረኝ እሺ!»

ያዝልኝ እንግዲህ! ሰዓት ቆጣሪም አደረገው። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ምንም ማድረግ የለበትም፤ መቆም ብቻ ነው። ሞላ ቢል ዋንጫው የእሱ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ስሙ ይቀረጻል። ሰዉ ሁሉ «ያን ምት እንዴት መታኸው?» ይለዋል። እሱም ይተርካል። በተረከ ቁጥር ደግሞ ኳሷ የአበልጁ ናት፤ ነጥቧ የአበልጁ፣ ጓንቱ የአበልጁ፣ ዱላው የአበልጁ። «ዋንጫውን ታቅፌም የምቀናው እኔ ነኝ» አለ በልቡ። ይቺ ሐሳብ ናት ያናገረችው።

«አትፈልግ!» ብሎ ጮኸ። «ኳስህ እኔ ጋ ነው። ያንተን ነው የመታሁት።»

ባለ ማደያው እየተንጎማለለ መጣ። ኳሱን አየ። «እንዴት የእኔ ያንተ መሰለህ? ያንተ መስቀል አይደለም ወይ?»

«መስቀሉን ትቼዋለሁ። እኔም ሁለት ነጥብ አድርጌ ነበር።»

«ለምን?»

«ቀንቼብህ።»

«በእኔ? በምኔ?»

«በዱላህ። በአመታትህ። በሳቅህ። በሁሉም።»

ባለ ማደያው ተቆጣ፤ እውነቴን ነው፣ ተቆጣ። «አንተ ሰውዬ ምን ነክቶሃል? እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ካንተ ጋር ልዋል ብዬ እንጂ ይሄ ዱላና ኳስ ምኔ ነው? ዓመት ሙሉ አብረን ስንሄድ ካንተ ጋር ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ብቻዬን ነበርኩ!» አለው።

ሐኪሙ ወደ ሣሩ ተመለሰ። የራሱን ኳስ ያገኘሁለት እኔ ነኝ፤ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍና ነበር። የማርከሩ ቀለም በዝናቡ ውኃ ፈዞ ሮዝ ሆኗል። ከዚያ መታ፤ ምቱ ተራ ምት ነበር። ዋንጫውን ባለ ማደያው ወሰደ። ሰሌዳው ላይ ስሙ አለ፤ ሄደህ ማየት ትችላለህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ይልቃል። ቅናት ማንን ጎዳ? ባለ ማደያውን አልጎዳውም፤ ዋንጫውን ወስዷል፣ አዘነ እንጂ ምንም አልጎደለበትም። እኔን የሚቆጨኝ ያ ምት ነው። ክንዱ የራሱ ክንድ ነበር። ስምንት ዓመት በውስጡ ሲያበስለው የኖረው የራሱ ምት ነበር። ያን የሚያህል ነገር ከውስጡ ወጥቶ በየትኛውም ካርድ ላይ አልተጻፈም፤ በሰው ኳስ ላይ አፈሰሰው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ ይሄን ነው።

አንተስ? ያ ልብስ ሰፊ ጓደኛህ ከማዶ ሱቅ ሲከፍት በሩን አረንጓዴ ቀባ፤ አንተም ቀባህ። እሱ የገዛውን የስፌት መኪና ገዛህ። እሱ ኮሌታ ሲያጠብ ታጠባለህ፣ እሱ ኪስ ሲቀይር ትቀይራለህ። ድሮ ጨርቅ ስትዘረጋ ሰውየውን አይተህ ነበር የምትቆርጠው፤ አሁን የእሱን ሱቅ መስኮት መስኮቱን ታያለህ። ባለፈው ለመሪጌታ ልጅ ሠርግ የሰፋኸውን ኮት እኔም አይቼዋለሁ። አቤት እጅህ! ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ! ቀና ብሎ የማያየው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ የማዶኛው ስፌት ነው፤ ያውቅበታል!» አለ። ሌላውም «አዎ፣ የእሱ እጅ ነው» አለ። ልናገር ብዬ ተነሳሁ፤ ደግሞ ምን ብዬ ልናገር? አንተ ራስህ የእሱ አስመስለህ ሰፍተኸዋል። ማንን ጎዳሁ ትለኛለህ፤ በሕይወትህ ከሰፋኸው ሁሉ የሚበልጠውን ልብስ ለእሱ ስም ሰፋህለት።