ምንም የለኝም ላለ ሰው የቀረበ ገንፎ

ተረት አምጣ ካላችሁኝማ ከሩቅ ነው የማመጣው፣ ከቻይና። አንተ፣ እሷን መቆንጠጥ ተውና ስማ!

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ በረዶ በሚወርድበት አንድ መንደር ሊያንግ የሚባል ገበሬ ነበር። ጎተራው ሙሉ፣ እጁ ግን ቋጣሪ። አንድ ዓመት አዝመራው ከሸፈና መንደሩ ተራበ።

ሸማኔው መጣ። «አያ ሊያንግ፣ እፍኝ እህል ስጠኝ፤ ልጄ ራባት።»

«ጎተራዬ ባዶ ነው።»

አንጥረኛው መጣ። «አያ ሊያንግ፣ እፍኝ እህል።»

«ባዶ ነው አልኩ እኮ!»

በመጨረሻ ባልቴቷ ሹዌን መጡ። «ልጄ፣ እፍኝ እህል።»

«እማማ፣ ለራሴም የለኝ። ካለኝ አፈር ያብላኝ!»

ሹዌን ቀና ቢሉ የመንደሩ ወፍ ሁሉ የሊያንግ ጎተራ ላይ ሰፍሯል። ወፍ ባዶ ጎተራ ላይ ምን ይሠራል? ገባቸው። ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ብልህ ናቸዋ!

«ከየቤታችሁ ጥግ የተገኘውን ጠርጋችሁ አምጡ» ብለው መንደሩን ሰበሰቡ። አንዱ ማሽላ፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዷ ደረቅ ቴምር እያመጡ ስምንት ዓይነት ሆነ። በአንድ ድስት ገንፎ ተሠራ። ልጆች ጣባቸውን ይዘው ተኮለኮሉ።

«ቆዩ!» አሉ ሹዌን። «ከእኛ የባሰ አለ። ምንም የሌለው ሊያንግ ይቅደም።»

ድስቱን ተሸክመው ደጁ ሄዱ። የመጀመሪያውን ጣባ ሞልተው ሰጡት።

«የእኔንም ድርሻ ጨምሩለት» አለ ሸማኔው።

«የእኔንም» አለ አንጥረኛው።

የሸማኔው ልጅ፣ ክንዷ እንደ እንጨት የቀጠነ ትንሽ ልጅ፣ ጣባዋን ዘረጋችለት። «እንካ። ምንም የለህም አሉ።»

ሊያንግ አንድ ጊዜ ጎረሰና ጣባውን መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ ፍም መሰለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ!

«አታብሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «ጎተራዬ ሙሉ ነው! ዋሽቻችሁ ነው!»

አንድም ሰው አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጎተራውን ከፈተ፤ መንደሩም በላ፣ ከረሃቡም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር በዓመቱ የመጨረሻ ወር፣ በስምንተኛው ቀን፣ የስምንት ዓይነት እህል ገንፎ ይሠራል። የሠራው ሰው ታዲያ አስቀድሞ አይቀምስም፤ መጀመሪያ ለጎረቤት ያደርሳል። ሊያንግም በየዓመቱ ከሁሉ ቀድሞ ሸማኔው ቤት ይዞ ይሄድ ነበር። ልጅቷ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ስትለው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ቀን ያልፋል፣ ትዝብት ይተርፋል፣ ልጆቼ።