የፍልፈል አገጭ

ተረት ተረት ያልኩት ቅድም ነው፤ «የመሠረት» በልና ቶሎ ግባ፣ ፈተናው ተጀምሯል።

እንስሳት የሚማሩት በደረቀ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ነበር። መምህራቸው ኩሩው ጉሬዛ ወንዙ መሃል ካለው ዛፍ ጫፍ ሆኖ፣ «አደጋ ከወዴት ይመጣል? እዚህ ወጥቶ፣ አይቶ ያልመለሰ ዛሬ ይባረራል!» አለ።

ፈተና ሁለቴ የወደቀው ፍልፈል ዛፍ አይወጣ ነገር፣ ዓይኑ ከአፍንጫው ማዶ አያይ ነገር። ቢጨንቀው እቤት እናቱ እንዳሳየችው አገጩን አሸዋው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ያዘ።

«ትራስ እናምጣልህ?» አለች ጦጣ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«የቤትህን አመል እዚህ አታምጣብኝ! ተነስና ውጣ!» ጮኸ ጉሬዛ።

«የኔታ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው።»

«ሰማዩ እኮ ብራ ነው!»

«ላይኛው አገር ዘንቦ ይሆናል። እኔን ያባርሩኝ፤ እነዚህን ግን ያውጧቸው።»

ጉሬዛ ሊያሳፍረው በንዴት ወረደና የራሱን አገጭ አሸዋው ላይ ለጠፈ። የመሬቱ ንዝረት ጥርሱን አንገጫገጨው።

«ሽሹ!» ብሎ ሁለት ጥንቸሎች በብብቱ ሸጉጦ ወደ ዳገቱ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የመጨረሻው ጅራት ከአሸዋው እንደወጣ ደራሹ ውሃ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ነጎደ።

ዳገቱ ላይ ጉሬዛ እያለከለከ ወደ ፍልፈል ዞረ። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና።»

ፍልፈል ክው አለ። «ምን አጠፋሁ የኔታ?»

«ምንም። እናትህ ታስተምራለች፤ እኔ እናንተ መሃል እቀመጣለሁ።»