እትዬ ብርቄና እምቢ ያለው ኮምፒውተር

ተጠጉ፣ ተጠጉ። ችኩል የሆነ ከአሁኑ ይውጣ፤ የኔ ተረት አንድ እርምጃ ሄዶ አሥር እርምጃ የሚመለስ ነው። ደግሞም መሀሉ ላይ "እሺ" የሚል አታገኙበትም።

እትዬ ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት። ባዶ ወረቀት ግን አይደለም፣ አቤቱታ የተጻፈበት ነው። አርባ ቤት ውሃ የሚቀዳበት የሰፈሩ ቦኖ ነገ ጠዋት ሊነቀል ነው። አቤቱታ ያለው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያስገባ፣ አቤቱታ የገባበት ቦኖ አይነካም ተብሏል። በእጅ የተጻፈ ግን መዝገብ ቤቱ አይቀበልም። ስለዚህ እትዬ ብርቄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ዘውገ ጽሕፈት ቤት ገባች። ሌላ ጽሕፈት ቤት የለም ወይ? አለ፤ ግን መብራት በተራ ነውና ዛሬ ያለው በዚህ በኩል ብቻ ነው።

ዘውገ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለው፣ ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል የለበሰ። "ይንገሩኝ እትዬ ብርቄ" አለና መጻፍ ጀመረ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር። አራተኛው ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አበራው፤ አራተኛው መስመር ላይ ጠፋ። ደግሞ አበራው፤ ደግሞ ጠፋ።

"ይሞቃል" አለ ዘውገ፣ በደብተር ልባስ እያራገበለት። "ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል። ለነገ ብናቆየውስ?"

"ነገማ ቦኖው የለም!" አለች እትዬ ብርቄ። ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። "አንተ ኮምፒውተር፣ ጻፍ!"

"አልጽፍም፣ እምቢ!" አለ ኮምፒውተሩ። "አእምሮዬ ነደደ። ፕሮሰሰሬ እስኪበርድ አንድ ፊደል አይወጣኝም።"

"አንተ ፕሮሰሰር፣ ብረድ!"

"አልበርድም፣ እምቢ! ፋኑ ሳያራግብልኝ በምን ልብረድ?"

እትዬ ብርቄ ወደ ዘውገ ዞረች። "ሰማህ? ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ ፋን፣ ዙር!"

"አልዞርም፣ እምቢ! አቧራ ክንፌን ጨምድዶ ይዞኛል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ሳል ያጣድፈኛል።"

"ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ አቧራ፣ ውጣ!"

"አልወጣም፣ እምቢ!" አለ አቧራው ደረቱን ነፍቶ። "ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። የሚያስወጣኝ ብሩሽ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ!"

እትዬ ብርቄ በልቧ ወደደችው። እሷም ስለ ቦኖዋ የምትለው ይህንኑ ነው። ግን አልነገረችውም። ዘውገ ከመሳቢያው አንድ ብሩሽ አወጣላት።

"አቧራው አይወጣ፣ ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ ብሩሽ፣ ግባ!"

"አልገባም፣ እምቢ! ክዳኑ ተዘግቶ በየት በኩል ልግባ? አይጥ መሰልኩሽ?"

"ብሩሹ አይገባ፣ አቧራው አይወጣ፣ ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ ክዳን፣ ተከፈት!"

"አልከፈትም፣ እምቢ! ብሎኑ ጥርቅም አድርጎ ይዞኛል።"

አሥር ሰዓት ሆነ። ዘውገ ሰዓቱን አየ፤ እትዬ ብርቄ አላየችም። ድምፅዋ እንደሆነ እየጨመረ ነው።

"ክዳኑ አይከፈት፣ ብሩሹ አይገባ፣ አቧራው አይወጣ፣ ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ ብሎን፣ ተፈታ!"

"አልፈታም፣ እምቢ! በጥፍርሽ ልትፈቺኝ ነው? ካቻቢቴ አምጪ!"

ዘውገ ካቻቢቴውን አወጣ። ግን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ፊቷን ሳያይ።

"ብሎኑ አይፈታ፣ ክዳኑ አይከፈት፣ ብሩሹ አይገባ፣ አቧራው አይወጣ፣ ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ! አንተ ካቻቢቴ፣ ፍታ!"

"አልፈታም፣ እምቢ! ብሎኑ የታለ? ከኋላ ዳንቴሉ ሸፍኖታል፤ ምንም አይታየኝም።"

"ካቻቢቴው አያይ፣ ብሎኑ አይፈታ፣ ክዳኑ አይከፈት፣ ብሩሹ አይገባ፣ አቧራው አይወጣ፣ ፋኑ አይዞር፣ ፕሮሰሰሩ አይበርድ፣ ኮምፒውተሩ አይጽፍ፣ እኔም ከዚህ አልሄድ!" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንተ ዳንቴል፣ ተነስ!"

ዳንቴሉ እንደሌሎቹ አልጮኸም። "አልነሳም፣ እምቢ" አለ ዝግ ብሎ። "ከኋላ በመርፌና ክር ተሰፍቻለሁ። የሰፋችኝ ሴት 'ይህን የነካ ወዮለት' ብላ ነው የሄደችው። እሷ ካልፈታችኝ ማንም አይፈታኝም።"

"ማናት እሷ? የት ነው ያለችው? ጎትቼ አመጣታለሁ!"

ዘውገ አቀረቀረ። "እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ብርቄ።"

በእልህ ብዛት የገዛ እጅ ሥራዋን ረስታው ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ቦኖው ይግባልን ተብሎ የተጠየቀበትን ማመልከቻ የጻፈው ይኸው ኮምፒውተር ነበር። ውሃው ሲመጣ እትዬ ብርቄ ደስታዋ ልክ አጣ። ሦስት ወር ቁጭ ብላ ዳንቴል ሠራችና አቧራ እንዳይነካው ብላ በገዛ እጇ አለበሰችው፤ እንዳይወልቅም ከኋላ ሰፋችው። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ሁሉ ከዳንቴሉ ሥር ቀረ።

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍሬ ነዋ! ስጦታዎን እንዴት አውልቁልኝ ልበል? በየሳምንቱ ብቅ ብለው 'አምሮበታል' ይሉኛል። ቅባቱን እንኳ ከገዛሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይኸው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።" ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን፣ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያሳልፈውን ቅባት ማለቱ ነው።

እትዬ ብርቄ ዳንቴሉን ዳሰሰችው። መሀሉ ላይ ጽጌረዳ አለበት፤ ያንን ጽጌረዳ አራት ጊዜ አፍርሳ ነው የሠራችው። አሁን ልቧም እንደሌሎቹ እምቢ አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ተናደደችም፣ በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋት። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።

"ዳንቴል እንደገና እሠራለሁ" አለች በመጨረሻ። "ውሃ በኪሮሽ አይሠራም። መቀስ ስጠኝ!"

ክሩን ቆረጠችው። ዳንቴሉ ተነሳ፣ ካቻቢቴው አየ፣ ብሎኑ ተፈታ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ብሩሹ ገባ፣ አቧራው እየተሳደበ ወጣ። እትዬ ብርቄን ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። ዘውገ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን አሮጌ ቅባት ጠርጎ አዲሱን ቀባው። ፋኑ ዞረ፣ ፕሮሰሰሩ በረደ፣ ኮምፒውተሩም ጻፈ። አራተኛው መስመር አለፈ። አምስተኛውም አለፈ። ዘውገ መጨረሻው ላይ ደረሰ።

"መዝጊያውን 'በትሕትና እንጠይቃለን' ልበለው?"

"አይደለም። 'ቦኖው አይነቀልም፣ እምቢ' በለው።"

"ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ማመልከቻ ላይ እምቢ አይባልም!"

"ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ብሎን እንኳ ሳይቀር እምቢ ሲለኝ ውሏል። እኔ ጋ ሲደርስ ነው የማይባለው? ጻፍ!"

ጻፈ። ፕሪንተሩም እምቢ ሊል አፉን ከፈት አደረገ። እትዬ ብርቄ ዞር ብላ አየችው። ዝም ብሎ አተመ።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲል መዝገብ ቤት ደረሰች፤ ማኅተም ተመታላት። በማግሥቱ ዶማ ይዘው የመጡት ሠራተኞች ማኅተሙን አዩ፣ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ዶማቸውን ተሸክመው ተመለሱ። ቦኖው ዛሬም አለ፤ ውሃውም ይወርዳል። ዳንቴሉስ? እዚያው ቦኖ ላይ ታጥቦ ከኮምፒውተሩ ሥር ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል። እትዬ ብርቄም በየሳምንቱ ብቅ እያለች "አምሮበታል" ትላለች።

ተረቴ ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ድገምልን ብትሉኝ ግን፣ እኔም እምቢ!