የኃላፊው ኮት

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ከክፍሏ አንዱን ጥግ ለልጆቹ የጨዋታ ቢሮ አደረገችው። ትልቅ ካርቶን ጠረጴዛ ሆነ፤ ከድንች ማኅተም ተቀረጸ፤ ከጀርባ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር ተቀመጠ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ሽመክት ለቁጥጥር የመጡት በሳምንቱ ነው።

ኃላፊው ወደ ጥጉ ሲጠጉ የአምስት ዓመቷ ሲፈን ማኅተሙን ይዛ፣ ጸሐፊ ሆና ተቀምጣለች። የአለቃው ወንበር ላይ ግን ሰው የለም፤ ኮት ብቻ ተሰቅሎበታል።

"አለቃሽ የታሉ?" አሏት እየሳቁ።

"አሉ። ኮታቸው አለ አይደል?" አለች ሲፈን። "ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ።"

አብሯቸው የመጣው ርእሰ መምህር ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አቶ ሽመክት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ መምህርቷ ዞሩ።

"ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ማዋረድ ነው። ጥጉ ዛሬውኑ ይፈርሳል። ይህን ለልጆቹ ያስተማረው ሰውም ከሥራ ይታገዳል። ስሙን ከነአባቱ ጽፈሽ ስጪኝ።"

መምህርቷ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳች።

"ጠረጴዛውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ኮቱን የሰቀሉት ልጆቹ ናቸው። የተማሩትም ባለፈው ወር ቢሮዎን ሊጎበኙ ሄደው፣ ከኮትዎ ጋር ግማሽ ቀን ሲጠብቁዎት ነው። የእርስዎን ስም አውቀዋለሁ፤ አባትዎን ማን ልበል?"