የሞንታርቦው ድምፅ

የአንድ የግል ኮሌጅ ባለቤት የሆኑት ዶክተር አምደብርሃን ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው ስለ ብሮድካስት ትምህርት አንድ ሰዓት ሙሉ ደሰኮሩ። ሲጨርሱ፣ ታክሲ ተራ ላይ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የሚውል አንድ ተራ አስከባሪ፣ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ እጁን አወጣ።

«የአራት ዓመቱ ክፍያ ሦስት መቶ ሺህ ነው ብለዋል። ተመርቃ ስትቀጠር በወር ስንት ታገኛለች?»

«ለጀማሪ ስምንት ሺህ።»

ሰውየው በጣቱ ማስላት ሲጀምር ዶክተሩ ደማቸው ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት ልትገዛ ነው የመጣኸው? የሠለጠነ ድምፅ ዋጋ አይተመንለትም! ይሄን ሁሉ ሰው ከየቤቱ ነቅሎ እዚህ ያመጣው ምን መሰለህ? ሰሞኑን በመኪና ላይ በሞንታርቦ የሰማችሁት ድምፅ ነው!»

ሰውየው ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውድ ወላጆች! ምዝገባው ሊጠናቀቅ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል!»

አዳራሹ ድምፁን ለይቶት በሳቅ ተናወጠ።

«እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ኮሌጅዎ ግን ተመራቂዎቹን ትቶ እኔን ቀጠረ። ዶክተር፣ ያስመረቋቸውን ልጆች እርስዎ ራስዎ ካልቀጠሯቸው፣ የኔን ልጅ ማን ይቀጥርልኛል?»